የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የሚያበቃው መንገድ የትኛው ነው? (ጥያቄ ከአዳማ)

ጠያቂ፦ የሕግ ምሩቅ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከሦስት ዓመት በፊት በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ከተመረቅሁ ወዲህ፣ ተወልጄ ባደግሁባት በአዳማ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በነገረ ፈጅነት እየሠራሁ እገኛለሁ። ውል አረቅቃለሁ፤ የሠራተኛ ክርክር ሲነሣ የመከላከያ መልስ አዘጋጃለሁ፤ ቀጠሮ ሲደርስም ችሎት እቀርባለሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ነገር ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ የምመኘው ዳኝነትን ነው፤ ያውም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሳይሆን ሰው መጀመሪያ አቤት የሚልበትን የወረዳውን ዳኝነት።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለተግባር ልምምድ በተመደብሁበት ፍርድ ቤት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከችሎቱ የኋላ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ሳለ፣ ከልጆቻቸው ቀለብ እንዲቆረጥላቸው የከሰሱ የአንዲት አዛውንት እናት መዝገብ ለፍርድ ተጠራ። እናቲቱ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። ዳኛው ፍርዱን በጥድፊያ አነበቡት፤ የአንቀጽ ቁጥሮቹ ተከታትለው ወረዱ፤ ግልባጩ ለተከራካሪዎች እንዲሰጥ፣ መዝገቡም ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት እንዲመለስ ታዘዘና ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ። እናቲቱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ፈረዱልኝ ወይስ ፈረዱብኝ?» ሲሉ በአፋን ኦሮሞ ጠየቁኝ። ፍርዱ የተነበበው በገዛ ቋንቋቸው ነበር። እኔ ደግሞ የሰፈሩን አፋን ኦሮሞ እንጂ የሕጉን ስለማላውቅ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነበር፤ የተፈረደላቸው መሆኑን ለመንገር እንኳ የችሎት ጸሐፊዋን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኚያ እናት ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ወደ ወረዳ ዳኝነት የሚገቡ ሰዎች ከየት ተነሥተው ነው የሚመጡት? ከትምህርት ቤት በቀጥታ መወዳደር ይሻላል ወይስ ጥቂት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ወይም በጥብቅና ማሳለፍ? ቤት ውስጥ አማርኛ እየተናገርሁ ያደግሁ፣ ቁቤ ማንበብ የምችል ቢሆንም በዝግታ የማነብ ሰው በመሆኔስ ይህን ምኞት ልተወው ይገባል? ልምዱ ያላችሁ ሰዎች በግልጽ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ምላሽ 1፦ ጠበቃ፣ አዳማ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሕጉ የሚለውን ላስቀምጥልዎ፤ ምክሬን ከዚያ አስከትላለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 ክልሎች ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እንዲኖራቸው ይደነግጋል። እኛ ወረዳ ፍርድ ቤት የምንለው ይህንኑ የመጀመሪያ ደረጃውን ነው። አንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የክልል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኞች በክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት እንደሚሾሙ ይናገራል። በእኛ ክልል ምክር ቤቱ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ስለዚህ ዳኝነት ሹመት እንጂ ተራ ቅጥር አይደለም፤ ዳኛውም ሥራ የሚጀምረው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ነው። ከሹመቱ በፊት ግን ማስታወቂያ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና የሥነ ምግባር ማጣራት አለ። የክልሉ የሕግ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ተቋምም እዚሁ አዳማ ስለሚገኝ፣ ሠልጣኝ ዳኞችንና ዐቃቤ ሕጎችን ከሌሎች ከተሞች ነዋሪዎች ይልቅ ቀርበው ማነጋገር ይችላሉ።

ወደ ምክሬ ስመጣ፣ እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ችሎት መውጣትን አልደግፍም፤ ይህንን የምለው ለወጣት ዳኞች ካለኝ ንቀት የተነሣ አይደለም። ጠበቃ ሆኖ የቆየ ሰው፣ ባለጉዳይ ቢሮ ገብቶ ሲናገር እውነቱና ክሱ ምን ያህል እንደሚራራቁ በገዛ ዓይኑ አይቷል። አንድ ሻጭ «ብሩን አልተቀበልሁም» ብሎ ሲምል ሰምቶ፣ በሳምንቱ የባንክ ደረሰኙ ሲወጣ አፍሯል። ዐቃቤ ሕግ የነበረም ሰው የምርመራ መዝገብ እንዴት እንደሚሠራና የቱ ጋ እንደሚሳሳ ያውቃል። በሕግ ትምህርት ቤት ምስለ ችሎት ላይ የሚሰጠው ፍሬ ነገር ተጣርቶ ያለቀ ነው፤ በወረዳ ፍርድ ቤት ግን ፍሬ ነገሩን ማጣራቱ ራሱ የሥራው እኩሌታ ነው።

መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ አንድ መሰላል ብቻ ነው ብለው አያስቡ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ ከችሎት ወጥተው ለረጅም ዓመታት በሴቶች መብት ጉዳይ ሠሩ፤ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱትም አንዷ ናቸው፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ወደ ዳኝነቱ ተመለሱ። ስለዚህ አሁን የሚሠሩት የነገረ ፈጅነት ሥራ ከመንገዱ ያወጣዎት አይምሰልዎ። የሠራተኛ ክርክር መልስ ሲያዘጋጁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ስንት ጊዜ ገልጠዋል? ነገ የሚዳኙት በዚያው ሕግ ነው።

ምላሽ 2፦ የቀድሞ ዳኛ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በወረዳና በከፍተኛ ፍርድ ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የምነግርሽ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

እኛ ወደ ሥራው ስንገባ ነገሩ ዛሬ እንዳለው አልነበረም። ክልሎች የራሳቸውን ፍርድ ቤት ባቋቋሙበት በ1980ዎቹ መጨረሻ በሕግ የተመረቀ ሰው በወረዳ ደረጃ ብርቅ ነበርና፣ ብዙዎቻችን ለወራት ብቻ ሠልጥነን ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ዲግሪውን ያገኘነው ኋላ፣ እየሠራን ቆይተን በየተራ በመላክ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ለብዙ የክልል ዳኞች ባለውለታ ነው። የዛሬ ተወዳዳሪ አምስት ዓመት ተምሮ፣ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ይመጣል። በሕጉ ዕውቀት እናንተ ትበልጡናላችሁ፤ ይህንን ሳላቅማማ እናገራለሁ። እኛ የነበረን ሌላ ነገር ነው፤ ከእኔ ጋር የተሾሙት አንዱ የቀበሌ ጸሐፊ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩ ናቸው። ሰው ሲዋሽ እንዴት እንደሚዋሽ፣ ድንበር እንዴት እንደሚገፋ፣ ሽማግሌ አስታርቆት የፈረሰ ነገር ለምን እንደሚፈርስ ያውቁ ነበር። ጠበቃው ወንድሜ እንዳሉት ይህ ዕውቀት በጥብቅናም ይገኛል፤ በሌላም ይገኛል። ከየት እንደመጣሽ ሳይሆን ይህን ይዘሽ መምጣትሽን ነው የምመለከተው።

አንድ የጎዳሁትን ሰው ልንገርሽ። በተሾምሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሊያበቃ ሲል ፖሊስ አንድ የሃያ ዓመት ገደማ ልጅ ይዞ ቀረበና ምርመራዬን አልጨረስሁምና ልጁ ታስሮ የሚቆይበት የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። ልጁ በስርቆት ነበር የተጠረጠረው፤ እግሩ ባዶ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ አይፈቀድም ይላል እንጂ 14 ቀን ይፈቀድ አይልም። እኔ ግን ከእኔ በፊት የነበሩት እንደዚያ ሲያደርጉ ስላየሁ ብዕሬን አንሥቼ 14 ብዬ ጻፍሁ። ምን ቀርቷችኋል፣ የትኛውን ምስክር ነው የምትጠብቁት፣ ለዚህስ ስንት ቀን ይበቃል ብዬ አልጠየቅሁም። በአሥራ አራተኛው ቀን መዝገቡ ሲመለስ የተጨመረው አንድ ገጽ የምስክር ቃል ነበር፤ ምስክሩም የሚኖረው ከፖሊስ ጣቢያው ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። ልጁን በዋስ ለቀቅሁት፤ ያሳለፋቸውን ቀናት ግን የሚመልስለት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጊዜ ቀጠሮ በተጠየቅሁ ቁጥር የቀረውን የምርመራ ሥራ አንድ በአንድ አስመዘግባለሁ፤ ሦስት ቀን የሚበቃውንም በሦስት ቀን እቀጥራለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው ዳኛው እንዲጠይቅ ነውና።

የወረዳ ዳኝነት ትንሽ የሚመስላቸው ሰዎች ይህንን አያዩም። ሰው ነፃነቱን መጀመሪያ የሚያጣውም የሚያገኘውም በመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ ፊት ነው። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ስማቸው በአገር የታወቀው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ በሙስና ተጠርጥረው ታስረው ለነበሩት ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና በመፍቀዳቸው እንደነበር አስታውሺ። አንቀጽ 79 ዳኛ በሕግ ብቻ ይመራል የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ በተግባር ግን የሚፈተነው ዋስትና በሚፈቀድበትና በሚከለከልበት በዚያች በአንዲት ገጽ ትእዛዝ ላይ ነው።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 መሠረት ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ ይወስናሉ፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶችም የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ በዚህ ክልል መዳኘት ከፈለግሽ ቋንቋውን ፈተና ለማለፍ ያህል ሳይሆን የምስክር ቃል ለመመዝገብ ያህል ማወቅ አለብሽ፤ በዚህ ላይ አላባብልሽም። ምስክሩ እየተናገረ አንቺ በእጅሽ ትጽፊያለሽ፤ በ«ገፋኝ» እና በ«ገፈተረኝ» መካከል ያለው ልዩነት የወንጀሉን አንቀጽ ሊቀይረው ይችላል። ነገር ግን የሰፈሩ ቋንቋ ካለሽ ከባዱን አልፈሻል። የሕጉን ቃላት መማር ይቻላል፤ ገበሬ እንዴት አድርጎ እንደሚያሽሟጥጥ፣ አዛውንት ነገሩን በምሳሌ ጠቅልሎ ሲናገር ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። አንቺም እንዳየሽው፣ ዳኛው በእናቲቱ ቋንቋ አንብበውም እናቲቱ አልገባቸውም። ቋንቋ ማወቅ ብቻውን አላዳናቸውም።

ፍርድ ከመነበቡ በፊት ወይም ከተነበበ በኋላ ሦስት ዐረፍተ ነገር መናገር የዳኛ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምን እንደተወሰነ፣ ለምን እንደተወሰነ፣ ቅር የተሰኘ ሰው በስንት ቀን ውስጥ የት ይግባኝ እንደሚል። ይህንን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ምላሽ 3፦ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር

እህቴ፣ እኔ ከመዝገብ ቤት በኩል ሆኜ ያየሁትን ጥቂት ልጨምርልሽ። ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጡ ዳኞችን በተመለከተ ከጠበቃው ወንድሜ ጋር አልስማማም። በሠራሁባቸው ዓመታት መዝገብ አንብበው ችሎት የሚገቡት በአብዛኛው ወጣቶቹ ነበሩ፤ ከመጡበት ሙያ ልምድ አለን የሚሉት ሁሉ ደግሞ እንዲሁ አልነበሩም። ከጥብቅና የመጡ አንዳንድ ዳኞች ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው ቀጠሮ ሲያበዙም አይቻለሁ።

ሌላው፣ አዲስ ተሿሚ አዳማ እቀመጣለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ መቂ ወይም ከዚያም የራቀ ቦታ ልትመደቢ ትችያለሽ፤ ጉዳዩም እንደየአካባቢው ይለያያል። በከተማ የቤት ኪራይ፣ የብድርና የፍቺ መዝገብ ይበዛል፤ ወደ ገጠሩ ስትወጪ የመሬትና የከብት ጉዳይ ይቀድማል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የባህላዊ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 240 ለሽምግልናው ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አሠራር የማታውቅ ዳኛ የሆነውን ነገር ግማሹን አታይም። ይህ ላንቺ የሚያስፈራ ካልሆነ፣ አመልክቺ።

ጠያቂ፦ የሕግ ምሩቅ፣ አዳማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለዚያ ልጅ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር መሥራት አልቻልሁም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ጓደኞቼ በአማርኛ ስለሚሠራ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ብትሞክሪ ይቀልሻል ይሉኛል። አዳማ ሆኖ ይህ የሚቻል ነው?

ምላሽ 4፦ ጠበቃ፣ አዳማ

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ እንደሚሠሩ እውነት ነው፤ በዚያ ረዳት ዳኛ የሚባል የሥራ መደብም ስላለ መዝገብ እያጠኑና ረቂቅ እያዘጋጁ ለዳኝነት መብቃት ይቻላል። መታየት ያለባቸው ሕጎች በ2013 ዓ.ም. የወጡት የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ናቸው። አዳማ ተቀምጦ ግን አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በክልል የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነውና፣ እዚህ የፌዴራል ጉዳይ የሚታየው በውክልና ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው የተደረጉት አምስት ክልሎች አፋር፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላ፣ ሶማሌና የያኔው ደቡብ ነበሩ፤ ኦሮሚያ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረም።

እርስዎ ግን የነገሩን ምኞት ሰው መጀመሪያ አቤት የሚልበትን ችሎት ነበር። ቀላል ስለሆነ ብቻ ወደ ሌላ አይሂዱ። በየትኛውም ቢገቡ የሰበርን፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተፈጸመን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመውን ችሎት፣ ውሳኔዎች የያዙትን የመጽሐፍ ቅጾች ከአሁኑ ማንበብ ይጀምሩ፤ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን የክልል ፍርድ ቤትም ያስገድዳል። የወረዳ ዳኛ ፍርድ ተሽሮ ሲመለስ ካየኋቸው ምክንያቶች ብዙው ይህንን ካለማንበብ የመጣ ነው።

ምላሽ 5፦ የቀድሞ ዳኛ

ልጄ፣ ጠበቃው በተናገሩት ላይ የምጨምረው ሥራ እንጂ ሐሳብ አይደለም። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ባገኘሽበት ቀን ሁሉ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ደብተር ያዢ፤ ምስክር ሲናገር ቃሉን በአፋን ኦሮሞ አንቺም በራስሽ መዝግቢ። ክርክሩ ሲያበቃ ዳኛው ጭብጡን፣ ማለትም ፍርድ የሚሰጥበትን የክርክር ነጥብ፣ ከማንበባቸው በፊት አንቺ ጭብጥ ያዢ፤ ከዚያ የእርሳቸውን ስሚና ከራስሽ ጋር አስተያዪ። ስድስት ወር እንዲህ ካደረግሽ ለፈተናው ሌላ ዝግጅት አያስፈልግሽም።

አሁን ደግሞ እኔ አንድ ልጠይቅሽ። ያቺ እናት ተፈርዶላቸዋል አልሽ። ልጆቻቸው በፈቃዳቸው ካልከፈሉ ፍርዱ በራሱ ቀለብ አይሆንም፤ የአፈጻጸም ማመልከቻ ለብቻው አቅርበው፣ መዝገብ ተከፍቶላቸው፣ ልጆቹ ተጠርተው ነው የሚፈጸመው። ይህንን በዚያን ቀን የነገራቸው ሰው ነበር?

ጠያቂ፦ የሕግ ምሩቅ፣ አዳማ

አልነበረም፣ ጋሼ። «ተፈርዶልዎታል» ብዬ እጃቸውን ይዤ እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ስለ አፈጻጸሙ ለመንገር አልታሰበኝም ነበር። የልምምድ ማስታወሻ ደብተሬ አሁንም ቤት ስላለ የመዝገቡን ቁጥር ፈልጌ፣ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ሄጄ ግልባጩን መውሰዳቸውንና የአፈጻጸም መዝገብ መከፈቱን እጠይቃለሁ።